የበላ ሁሉ አዋቂ አይደለም

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ፈረንጅ አራዳ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አሳየኝ። ፖከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። በብር አይደለም፣ በነጥብ ነው የሚጫወተው። "ጋሼ፣ አራት ቀን በተከታታይ በላሁ። ይሄ እንግዲህ ችሎታ ነው" አለኝ። ሳቅሁ። በእሱ አልነበረም የሳቅሁት። በሃያ ስድስት ዓመቴ ይቺኑ ቃል እኔም ተናግሬያታለሁ። እኔን ያስከፈለችኝ ግን በነጥብ አልነበረም።

እናቴ በሕይወት ብትኖር "ቁማር ሀራም ነው" ብላ ወሬውን እዚያው ትዘጋው ነበር። በዚህ አልከራከርም። እኔ የማወራችሁ ስለ ሂሳቡ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቡና የቀመስኩ ሰው ነኝና ምሳሌዬ ሁሉ ወደ ቡና ቢሄድባችሁ ታገሱኝ።

1986 ዓ.ም. ላይ ቅምሻ ገና አልጀመርኩም። እዚሁ ጅማ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ነበርኩ። የካቲት ላይ ያጠራቀምኳትን ብር የቡና ንግድ ፈቃድ ካለው ወዳጄ ብር ጋር ቀላቅለን ከማናና ከጎማ ወረዳ የመጣ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ገዛን። ልንሸጥ ስንል ዋጋው አልጣመንም። አስቀመጥነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ወረደ፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። የቡና ዛፎቻቸውን መታው። የዓለም ዋጋ ተተኮሰ። እኛም ሸጥን።

ሰፈሩ "እጁ ገደኛ ነው" አለኝ። እኔ ግን ገድ የሚሉትን አልወደድኩትም። "ገበያ ማንበብ ስለማውቅ ነው" እያልኩ አስተካክላቸው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? ብራዚል የት እንዳለች እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር።

በዓመቱ ከእህቴ ባል ተበደርኩና ሦስት እጥፍ ገዛሁ። አሁንም አስቀመጥኩ። አምና ያበላኝ ማስቀመጥ ነዋ! ዋጋው እያየሁት ወረደ። ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል ስል ተበላሁ። ዕዳውን ከፍዬ እስክጨርስ አራት ዓመት ፈጀ። በሁለቱም ዓመት ያደረግኩት ነገር አንድ ነበር። የተለየው የብራዚል ሰማይ ነው።

ከዚያ ቅምሻ ተማርኩ። አለቃችን አንድ ተንኮል ነበራቸው። ስኒዎቹን ቁጥር ብቻ ሰጥተው ይደረድራሉ፤ ያንኑ ቡና ደግሞ ሳይነግሩን ሁለት ቦታ ያስቀምጡታል። እኛ በማንኪያ ሳብ፣ ትፍ፣ ጻፍ ነው። በመጀመሪያው ወር አንዱን ቡና ቁጥር 3 ላይ "ንጹሕ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር 9 ላይ "አፈር አፈር ይላል" አልኩት። ያው ቡና! አለቃዬ አልተቆጡም። "ዛሬ ያገኘኸውም የሳትከውም ግምት ነው" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ያገኘኸውም ማለታቸው ነው ያመመኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ቡና የትም ቢደብቁት አላጣውም ነበር። ችሎታ ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያየሁት። በአንድ ቀን አይታይም። እየደጋገሙ ሲፈትኑት ነው የሚታየው። ደግሞ ሌላም ነገር ገባኝ፦ ምላሴ ቡናውን ያውቃል፣ ዋጋውን ግን አያውቅም። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ፖከር ውስጥ ችሎታ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ካርታው ሲበወዝና ሲታደል ማንም አይመርጥም፤ ያ እድል ነው። ከ52 ካርታ አምስት አምስቱን በ2,598,960 ዓይነት መንገድ ማውጣት ይቻላል። ከነዚህ ውስጥ ትልቁን እጅ፣ ከአሥር እስከ ኤስ በአንድ ዓይነት ምልክት የሚሰለፈውን፣ የሚሰጡት አራቱ ብቻ ናቸው። የደረሰህን ይዘህ መቼ ብር ትጨምራለህ፣ መቼ ትጥላለህ፣ ያኛው ሰውዬ ለምን ዝም አለ የሚለው ግን የራስህ ሥራ ነው። ችግሩ የሁለቱ መጠን ነው። በቴክሳስ ፖከር ሁለት ኤስ ይዘህ ሁለት ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ሙሉ ገንዘባችሁን መሀል ብታስቀምጡ፣ ከመቶ 82 ጊዜ ያህል አንተ ትበላለህ። ትክክል ነው የሠራኸው። ከመቶ 18 ጊዜ ገደማ ግን ትክክል ሠርተህ ባዶ ኪስህን ትነሣለህ። ኪንግ የያዘው ደግሞ ጓደኞቹን "አየኸኝ አይደል?" ይላቸዋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሊብራተስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ፒትስበርግ ላይ ከአራት የፖከር ባለሙያዎች ጋር ገጠመ። ፕሮግራሙ አሸነፈ። እኔን የገረመኝ ማሸነፉ አይደለም፣ የዙሩ ብዛት ነው። 20 ቀን ሙሉ 120,000 ዙር ተጫወቱ። ያን ያህል ካልተጫወቱ ድሉ የእድል ይሁን የችሎታ በእርግጠኝነት መናገር ከባድ ስለሆነ ነው። የእህቴ ልጅ አራት ቀን ነው የተጫወተው። ይህን ስነግረው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቅር ብሎታል መሰለኝ።

አንድ ጨዋታ ችሎታ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሆን ብለህ መሸነፍ ትችላለህ ወይ? ገበጣ ላይ ትችላለህ፤ ጠጠሩ ሁሉ ዓይንህ ሥር ነው፣ የተደበቀ ነገር የለም። ዳማ ላይም እንዲሁ። ፖከር ላይም ጥሩውን እየጣልክ መጥፎውን ብትከተል በጊዜ ብዛት ትከስራለህ። ሎተሪ ላይ ግን ሆን ብለህ እንዴት ትሸነፋለህ? የትኛውን ቁጥር ትመርጣለህ?

አሁን ወደ እውነተኛው ጉዳይ። አጂፕ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ብትወጡ ፖከር የሚጫወት አታዩም። የኳስ ውርርድ ቲኬት የሚቆርጥ ግን ሞልቷል። እነዚህ ልጆች ኳስ አያውቁም አልልም። አሰላለፍ ያውቃሉ፣ ጉዳት ያውቃሉ፣ ዳኛውን ሳይቀር ያውቃሉ። ነገር ግን ኦዱን፣ ብትበሉ ብራችሁ በስንት ተባዝቶ እንደሚመለስ የሚናገረውን ቁጥር፣ ያወጣውም ይህን ሁሉ ያውቃል። የእናንተ እውቀት ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ምላሴ ቡናውን እንጂ ዋጋውን አያውቅም ያልኳችሁ ይሄው ነው።

እስቲ ብዕር አንሡ። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 2.40፣ አቻ 3.10፣ እንግዳው 2.80 ተሰጠ እንበል። የትኛውም ውጤት ቢመጣ 100 ብር እንዲመለስላችሁ ሦስቱንም ብትይዙ ስንት ያስፈልጋል? በመጀመሪያው 41.67፣ በሁለተኛው 32.26፣ በሦስተኛው 35.71። ድምሩ 109.64 ብር ነው። 109.64 ከፍሎ 100 መቀበል! ልዩነቷ የአወራራጁ ቤት ቆረጣ ናት። ገና ኳሱ ሳይመታ ወጥታለች።

አንድ ጨዋታ ላይ ትንሽ ትመስላለች። አሥር ጨዋታ በአንድ ቲኬት ስትደረድሩ ግን እሷም አሥር ጊዜ ትባዛለች። ሁሉም ጨዋታ ላይ ቆረጣው ይህን ያህል ከሆነና እናንተም ከኦዱ የተሻለ የምታውቁት ነገር ከሌለ፣ ያ የ100 ብር ቲኬት በአማካይ የሚያወጣው 40 ብር ገደማ ነው። "በአንዷ ጨዋታ ተበላሁ" የሚባለውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ከመቶ 60 የማግኘት ችሎታ ቢኖራችሁ እንኳ አሥሩም አብረው የሚገቡት ከ165 ቲኬት በአንዱ ነው። አንዷ ጨዋታ አልከዳችሁም። ሂሳቡ ነው።

ደግሞ አስተውሉ፣ የበላው ልጅ ካፌው ውስጥ ይጮሃል፣ ማኪያቶ ይጋብዛል። የተበላው ዝም ብሎ ይወጣል። ጆሯችሁ የሚሰማው ታዲያ የማንን ነው? በ1986ም ጅማ ውስጥ ዋጋው ሳይወጣ ቸኩሎ የሸጠ ሰው ሞልቶ ነበር። እሱን ማንም አላወራለትም። የኔን ነው ያወሩት፤ ያ ወሬ ነው ለብድር ያበቃኝ።

ለእህቴ ልጅ አንድ ደብተር ገዛሁለት። ውጤቱ ሳይታወቅ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ይጽፋል። ለፖከር ብቻ አይደለም፤ ለፈተናም ለሥራ ፍለጋም ይጽፍበታል። ውጤቱ ሲመጣ ምክንያቱን መለወጥ አይችልም፤ በእጁ ጽፎታልና። እኔ በ1986 እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖረኝ ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። "ዋጋው አልጣመንም፣ አስቀመጥነው።" ብራዚል የሚል ቃል አይገኝበትም።

ባለፈው እሑድ መጣ። ደብተሩን ላየው ብጠይቅ "ገና ነው ጋሼ፣ 120,000 አልሞላም" ብሎ አሾፈብኝ። ከዚያ ዳማ ዘረጋን። የእኔ ቆርኪ የቢራ፣ የእሱ የለስላሳ። ሦስት ጊዜ ጠረገኝ። በሦስተኛው ላይ ካርታ በወዘብኝ እንዳልል ካርታ የለም፣ ውርጭ ወረደ እንዳልል ጅማ ላይ ፀሐይ ነው። ቆርኪዬን ሰበሰብኩና ቡና ይፈላ አልኩ።