ታፕና ዳይ፦ በሙሉ ሳጥን ወይስ በፍሬ?

"እዚሁ ጎንደር ቤቴ ውስጥ ለፍላጎቴ ብረት እሠራለሁ። የ40 ፍሬ ታፕና ዳይ ሳጥን ልግዛ ወይስ እየመረጥኩ?" ብለሃል። ወንድምዓለም፣ እየመረጥክ ግዛ። ታፕ ቀዳዳ ውስጥ፣ ዳይ ደግሞ ዘንግ ላይ የብሎን ጥርስ የሚያወጡ መቁረጫዎች ናቸው።

ርካሹ ሳጥን ዓይን ይሞላል። ግን አብዛኛው ቶሎ የሚዶለዱም ብረት ነው፤ ግማሹንም አትነካውም። እኔ ቤት ሥራ የሚበዛባቸው ኤም 6፣ ኤም 8 እና ኤም 10 ናቸው፤ ቁጥሩ የብሎኑ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። በር፣ አልጋ፣ ባጃጅ፣ ሁሉም እዚያው ይመላለሳል። በሳጥኑ ብር እነዚህን ሦስቱን "ኤችኤስኤስ" (HSS፣ ጠንካራ የመቁረጫ ብረት) የሚል ማህተም ያለባቸውን ፈልግ።

ከመግዛትህ በፊት ጥርሱን እወቅ። ኤም 10 ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ርቀቱ 1.5 ሚሊሜትር የሆነም 1.25 የሆነም አለው፤ በዓይን አይለዩም። ብሎኑን ማስመሪያ ላይ አስተኛና ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስተህ እስከ 11ኛው ጫፍ ለካ። 15 ሚሊሜትር ከሆነ 1.5 ነው፣ 12.5 ከሆነ 1.25። የውሃ ቧንቧ ጥርስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ "ግማሽ ኢንች" የሚሉት ቧንቧ ውጪው 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የድሮ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ካለህ በሜትሪክ (በሚሊሜትር በተሠራ) ታፕ እንዳትነካው፣ አደራ። ጥርሱ የራሱ የፋብሪካው ነው።

ዳይ ስትመርጥ ክቡንና ጎኑ የተሰነጠቀውን ውሰድ። ትንሿን ብሎን ስታጠብቃት ስንጥቁ ይከፈታል። መጀመሪያ ከፈት አድርገህ ቁረጥ፣ ከዚያ እያጠበብክ ዳዶው ልክ እስኪገባ ድገመው። እንደ ዳዶ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ዳይ የተጎዳ ጥርስ ለማደስ ነው፤ አዲስ ለማውጣት አይመችም።

ታፕ ሦስት ሦስት ሆኖ ይሸጣል። ሙሉውን ግዛ። ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ከወጣና ሦስቱ እኩል ውፍረት ካላቸው የመጀመሪያው፣ ጫፉ በጣም የሾለው፣ ብቻ ይበቃል፤ ታችው ከተደፈነ ግን ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ሰው የሚረሳው ፑንታውን፣ ቀዳዳ መብሻውን ነው። ለኤም 6 በ5፣ ለኤም 8 በ6.8፣ ለኤም 10 በ8.5 ትበሳለህ፤ ለ1.25ቱ ኤም 10 ደግሞ 8.8። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ከብሎኑ ውፍረት ላይ የጥርሱን ርቀት ቀንስ። 6.8 ካጣህ በ7 ብሳ፣ ለቀላል ሥራ በደንብ ይይዛል። በ6.5 ግን አትሞክር። ታፑ ውስጥ ከተሰበረ ማውጣቱ ጭንቅ ነው፤ በፑንታም አይበሳም።

በዳይ ስትቆርጥ መጀመሪያ የዘንጉን ጫፍ ዙሪያውን በሞረድ ቀጠን አድርገው። ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርገህ አጥብቀህ፣ የዳዩን ጽሑፍ ወደ ዘንጉ አዙረህ ጀምር። ዘይት አትሰስት። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ስትመልስ ጠቅ የሚል ነገር እጅህ ላይ ይሰማሃል፤ ፍቅፋቂው ተቆረጠ ማለት ነው። ለአሉሚኒየም ከዘይት ይልቅ ላምባ ይሻላል። ፌሮ ላይ ጥርስ አታውጣ። ብዙው ላዩ ጠንካራ ነው፣ ደህናውን ዳይ ይጨርስብሃል።

ቅዳሜ ገበያ ያገለገለ ካገኘህ ፀሐይ ላይ አውጥተህ የጥርሱን ስለት እይ። ስለቱ ላይ ነጭ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ ዶልዱሟል። አዲስ ኤም 8 ብሎን ኪስህ ይዘህ ሂድና ዳዩ ውስጥ በጣትህ አስገባው። ሳይወላገድ ከገባ መለኪያው ልክ ነው፤ ከዚያ ስለ ዋጋው አውራ። ለኤም 6 ታፕ ግን አገልግሎ የወጣ አትመን፣ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፤ አዲስ ግዛ።