ሁለት ነጥብ ያረፈባቸው የጀርመን ስሞች

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ሙለር የሚባል ጀርመናዊ እንግዳ ፓስፖርቱ ላይ «ዩ» ፊደል አናቷ ላይ ሁለት ነጥብ አላት። ግርጌ ላይ ግን ነጥቡ ጠፍቶ «ኢ» ተጨምሯል። ቡኪንጉ ላይ ሁለቱም የሉም። የቱን ልመዝግብ? እንዴትስ ልጥራው?

መልስ፦ ሦስቱም ያው ሙለር ናቸው። ጀርመኖች «ኤ»፣ «ኦ» እና «ዩ» ላይ ነጥብ ማድረግ ሳይችሉ ሲቀሩ ከፊደሏ ቀጥለው «ኢ» ይጽፋሉ (ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እየጠራን ነው)። የፓስፖርቱን ግርጌ የሚያነበው ማሽን ስለሆነ እዚያ ነጥብ አይገባም።

መዝገብ ላይ የላይኛውን እንዳለ ይጻፉ። በዊንዶውስ «አልት»ን እንደተጫኑ በቀኝ በኩል ካሉት የቁጥር ቁልፎች 0252 ሲመቱ ባለነጥቧ ትንሿ «ዩ» ትመጣለች፤ ለ«ኦ» 0246፣ ለ«ኤ» 0228 ነው። ከላይ በተደረደሩት ቁጥሮች ግን አይሠራም። ስልክ ላይ ፊደሏን ጫን ብሎ መቆየት ይበቃል። ፕሮግራሙ ነጥብ አልቀበልም ካለ የግርጌውን ይገልብጡ እንጂ ነጥቡን ብቻ አይጣሉ፤ ኩን የሚባለው ስም፣ ለምሳሌ፣ ባለነጥቡና ነጥብ የለሹ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ቡኪንግ ሲፈልጉ ግን ሦስቱንም አጻጻፍ ይሞክሩ፤ ወይም ሙለር የቤተሰብ ስም ስለሆነ በራሱ ስም ይፈልጉ።

ከግርጌው ተነስቶ ነጥብ መገመት ደግሞ ያሳስታል። ባወር በሚለው ስም «ዩ» እና «ኢ» ጎን ለጎን ቢቆሙም ነጥብ የላቸውም። ባለቅኔው ጎተም ስሙ ሁልጊዜ በ«ኢ» ነው የሚጻፈው።

አጠራሩ ላይ የሚያስቸግረን የራሳችን ልማድ ነው። በአማርኛ ከንፈር ሲሾል ምላስም አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ «ኡ» እና «ኦ» እንዲያ ነው የሚወጡት። እዚህ ምላስ ከፊት መቅረት አለበት። «ሚ» ብለው ድምፁን ይያዙ፤ ምላስዎ ሳይነቃነቅ ከንፈርዎን ብቻ «ሙ» እንደሚሉ ያሹሉ። «ሚው» ከሆነብዎ ከንፈርዎ ዘግይቷል፤ ከመጀመሪያው አሹለው ይነሱ። ባለነጥቧ «ኦ»ም እንዲሁ ናት፤ ምላስ «ኤ» ላይ፣ ከንፈር «ኦ» ላይ። ባለነጥቧ «ኤ» ቀላል ናት፤ ሼፈር በሚለው ስም እንዳለው «ሼ» የኛው «ኤ» ይበቃታል።

በአማርኛ ሲጽፉ በተለመደው ሙለር እና ሽሮደር ይቀጥሉ። ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. መራሔ መንግሥት የነበሩትን ገርሃርድ ሽሮደርን ሽሮ ከመሰለው አጻጻፍ የሚያድናቸው ፊደል የለንም። ሲጠሩት ደግሞ እንደኛ «አቶ» ብለው በራሱ ስም ሳይሆን በቤተሰብ ስሙ «ሄር ሙለር» ይበሉት፤ «ሄር» በጀርመንኛ «አቶ» ማለት ነው።