የአሳድ ቤት 54 ዓመት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ፦ ሃፌዝ አል አሳድ መፈንቅለ መንግሥት ካካሄደበት ከኖቬምበር 1970 አንስቶ ልጁ በሽር እስከ ሸሸበት እስከ ዲሴምበር 8፣ 2024 ድረስ ስላለው የሶርያ አገዛዝ ጠይቁ። ቀኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር፦ «አላዊቶች (የአሳድ ቤተሰብ የሚወለድበት የእስልምና ወገን) ሲገዙ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ አልመልስም። የገዛው አንድ ቤተሰብና የሚያምናቸው መኮንኖች ናቸው። ከተራራው መንደር ያለው አላዊ ገበሬ ልጁን ለጦሩ ከመገበር በቀር ብዙም አልደረሰውም።

ሀና፦ ጋሼ፣ አባትየው በአንድ ሌሊት ነው ሥልጣን የያዘው?

መልስ፦ አይደለም። ባዝ ፓርቲ በ1963 ሲገባ ሃፌዝ የአየር ኃይል መኮንን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አዛዥ ሆነ። በ1966 የፓርቲው ሰዎች እርስ በርስ ተገለባበጡና መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌላው የባዝ መኮንን ሳላሕ ጀዲድ ፓርቲውን፣ ሃፌዝ ጦሩን ይዘው አራት ዓመት ተፋጠጡ። በኖቬምበር 1970 የፓርቲው ጉባኤ ሃፌዝ ከሥልጣኑ እንዲነሳ ወሰነ። ወሳኞቹን ሰብስቦ አሰራቸው። ጀዲድ በ1993 ሞቶ እስኪወጣ ድረስ ከመዜ እስር ቤት አልወጣም።

ዳዊት፦ የስለላ ድርጅቶቹ ለምን በዙ? አንድ ጠንካራ ድርጅት አይበቃም ነበር?

መልስ፦ አሁን ገና ጥያቄ መጣ። አንድ ጠንካራ ድርጅት ቢኖር ኃላፊው በማግስቱ ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር። ስለዚህ አራት አደረጋቸው፦ ወታደራዊ ደኅንነት፣ የአየር ኃይል ደኅንነት፣ አጠቃላይ ደኅንነት፣ በአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሥር ደግሞ የፖለቲካ ደኅንነት። የአየር ኃይሉ ስም አያታልላችሁ፤ ሃፌዝ ከዚያ ስለመጣ ይበልጥ ያምነው ነበር እንጂ ሥራው አውሮፕላን መጠበቅ ብቻ አልነበረም።

ሥራቸው ሆን ተብሎ እንዲደራረብ ተደርጎ ነበር። አራቱም በየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ ነበራቸው፣ አራቱም ያስሩ ነበር፣ አራቱም ይመረምሩ ነበር፣ አራቱም የየራሳቸው የተፈላጊዎች መዝገብ ነበራቸው። ኃላፊዎቹ ሚኒስትር ሳያግዳቸው ለፕሬዚዳንቱ ይናገሩ ነበር፤ አንዱ የደበቀውን ሌላው ያሳብቅ ነበር። የደማስቆዎቹ ቅርንጫፎች በቁጥር ነበር የሚጠሩት፦ በወታደራዊ ደኅንነት በኩል 215፣ 227፣ «የፍልስጤም ቅርንጫፍ» የሚባለው 235፣ በአጠቃላይ ደኅንነት በኩል ደግሞ 251።

ጦሩም እንደዚያው ነው የተሠራው። በዋና ከተማዋ ዙሪያ የወንድምየው የሪፍዓት የመከላከያ ብርጌዶች፣ የዓሊ ሃይደር ልዩ ኃይል፣ የሸፊቅ ፈያድ 3ኛ ክፍለ ጦርና ሪፐብሊካን ጋርድ ተፋጠው ይቀመጡ ነበር። በኖቬምበር 1983 ሃፌዝ በልብ ሕመም ሲወድቅ ሪፍዓት ወንበሩን ተመኘ፤ በ1984 መጀመሪያ ታንኮቹን አወጣ። ሃይደርና ፈያድ ከፊቱ ቆሙ። ሪፍዓት ምክትል ፕሬዚዳንት ተብሎ ተሾመና ወደ ውጭ ተሸኘ። ስልቱ የሠራው ያኔ ነው።

ጉዳቱ የወደቀው በተራው ሰው ላይ ነው። ከ2016 በኋላ አገዛዙ ያስመለሳቸው አካባቢዎች ወጣቶች «ሁኔታህ ተስተካክሏል» የሚል ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ወረቀቱን አንዱ ቅርንጫፍ ይፈርማል፣ የሌላው መዝገብ ላይ ግን ስሙ እንዳለ ነው። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ኬላ ላይ ይደርሳል፣ እዚያው ይታሰራል።

ሙባረክ፦ ታዲያ ኃላፊዎቹ አብዛኞቹ አላዊት ከሆኑ አላዊቶች ገዙ ማለት አይደለም?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። ጀዲድም አላዊት ነበር፤ 23 ዓመት ታስሮ ሞተ። በሌላ በኩል ሙስጠፋ ጥላስ ሱኒ ሆኖ ከ1972 እስከ 2004 መከላከያ ሚኒስትር ነበር። በማርች 2025 በባሕር ጠረፉ ብዙ አላዊ ሲቪሎች ሲገደሉ ይኸው አባባል ነበር በየሰው አፍ። ተጠንቀቁ።

ትዝታ፦ ስለ በሽር አጠቃላይ ሐሳብ ቢሰጡን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ምኑን?

ትዝታ፦ እሺ፣ የዓይን ሐኪም እንዴት ፕሬዚዳንት ሆነ?

መልስ፦ እንደዚህ ጠይቂ። ለወራሽነት የተዘጋጀው ታላቅ ወንድሙ ባሲል ነበር፤ በጃንዋሪ 1994 በደማስቆ አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ በመኪና አደጋ ሞተ። በሽር ከለንደን ተጠርቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ዓመታት መንገድ ጠረጋ ናቸው፦ ውርሱን ያልወደደው ዓሊ ሃይደር በ1994 ተነሳ፣ በ1998 ሪፍዓት የምክትልነት ማዕረጉን ተገፈፈ፣ ኤታማዦር ሹሙ ሒክመት ሺሃቢ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ።

ሃፌዝ ጁን 10፣ 2000 ሞተ። በዚያኑ ቀን ፓርላማው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 83 ከፍቶ ለፕሬዚዳንትነት የሚፈቀደውን ትንሹን ዕድሜ ከ40 ወደ 34 አወረደ። የበሽር ዕድሜ 34 ነበር። በማግስቱ ከኮሎኔልነት ተነስቶ የጦሩ ከፍተኛ ማዕረግና ጠቅላይ አዛዥነት ተሰጠው። በሳምንቱ ፓርቲው መሪው አደረገው፤ ጁላይ ላይ ሕዝበ ውሳኔ፣ 97.29 በመቶ። ሹመቱን የፈረመለት ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት አብዱል ሀሊም ኸዳም በ2005 መጨረሻ ከድቶ ከፓሪስ ሲያወግዘው ተሰማ።

አቤል፦ ምንም ይሁን አገሪቱ ሰላም ነበረች። ክርስቲያኑም በሰላም ያመልክ ነበር።

ሙባረክ፦ የሐማን ሰው ጠይቀው ሰላሙን።

አቤል፦ ሐማ ላይ እኮ መሣሪያ ያነሱት እስላማውያኑ ናቸው።

ሙባረክ፦ ለዚያ ከተማ ይፈርሳል? የኛን ቀይ ሽብርም እንዲሁ ልትል ነው።

ዳዊት፦ ደርግን እዚህ አታምጡብን። ለነገሩ ጀብሃን ማን ያሠለጥን ነበር? ሶርያ አይደለችም?

መልስ፦ የባዝ ሶርያ በ1960ዎቹ ጀብሃን አሠልጥናለች፣ አስታጥቃለች፤ እሱ ሃፌዝ ከመግባቱም በፊት የተጀመረ ነው። ይህን ጨርሰናል። ሐማን በተመለከተ፦ ሙስሊም ወንድማማቾች በፌብሩዋሪ 1982 በከተማዋ አመፁ፣ ጦሩ ከተማዋን ከቦ ለሳምንታት ደበደባት፣ የድሮዎቹ ሰፈሮች ተናዱ። የሟቾች ግምት ከ10,000 እስከ 40,000 ይደርሳል። ገለልተኛ ቆጠራ አልተደረገም፤ አንዲት እርግጠኛ ቁጥር ይዞ የሚመጣባችሁን አትመኑ። አቤል፣ አመፁን መካድ አያስፈልግም፤ የአባልነት ቅጣት ሞት የሆነው ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1980 በሕግ ቁጥር 49 ነው። አባል መሆን ብቻ ይበቃ ነበር።

ሀና፦ ኢኮኖሚውስ?

መልስ፦ ሀብታሙ ነጋዴ ራሚ መኽሉፍ፣ የበሽር የአክስት ወይም የአጎት ልጅ እያሉ የሚያምታቱ አሉ፤ የእናቱ የወንድሟ ልጅ ነው። ሲሪያቴል የተባለው የሞባይል ስልክ ኩባንያ የእሱ ነበር። በ2020 ተጣሉና ፌስቡክ ላይ ወጥቶ አቤት አለ። ሌላው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሥራ ነው።

ትዝታ፦ ሰይድናያ እስር ቤት ሥር አሉ የተባሉት ድብቅ የምድር ቤት ክፍሎች ተገኙ?

መልስ፦ አልተገኙም። ኋይት ሄልሜትስ የሚባሉት የሶርያ ነፍስ አድን ሠራተኞች ፈልገው፣ የተደበቀ ክፍል የለም ብለው ዲሴምበር 10፣ 2024 ፍለጋውን ዘጉ። የተዘዋወሩት ሥዕሎች ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ወይም በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ሥዕል ስታዩ የትና መቼ እንደተነሳ ጠይቁ። እውነቱ ለመክፋት ጭማሪ አይፈልግም፦ ቅርንጫፉ ይመረምር ነበር፣ ወታደራዊው የሜዳ ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይፈርድ ነበር፣ እስረኛው ሰይድናያ ይሰቀል ነበር። ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ክብር መዝገብ ሄዶ «ልቡ ቆመ» የሚል ወረቀት ይቀበል ነበር። «ቄሳር» የተባለው ወታደራዊ ፎቶ አንሺ ይዞት የወጣውን 53,275 ፎቶ ያየ ሰው፣ በሬሳው ላይ ወይም አጠገቡ ካርድ ላይ የተጻፉ ቁጥሮች ያያል፦ የእስረኛው፣ የያዘው ቅርንጫፍ፣ የሐኪም ምርመራው። 215 እና 227 ደጋግመው ይመጣሉ። ቅርንጫፎቹን በቁጥር የዘረዘርኩላችሁ ለዚህ ነው።

ዳዊት፦ እንዲህ የተገነባ አገዛዝ በ11 ቀን እንዴት ፈረሰ?

መልስ፦ እርስ በርስ እንዲጠባበቅ የተሠራ ጦር፣ አብሮ እንዲዋጋ አልተሠራም። በ2011 አንድ ዶላር 50 ሊራ አካባቢ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ 15,000 ገደማ። የወታደሩ ደሞዝ ምን እንደሚገዛ አስሉ። 4ኛ ክፍለ ጦር ኬላ ላይ ቀረጥ ይሰበስብ፣ ካፕታጎን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ ይነግድ ነበር፤ ተራው ምልምል ይራብ ነበር። ከ2012 በኋላ የተዋጉለት ሂዝቦላና የኢራን ሰዎች በዚያ ዓመት በእስራኤል ተመትተዋል፣ ሩሲያ ዩክሬን ላይ ናት። ኖቬምበር 27 ከኢድሊብ የአማፅያኑ ጥቃት ተጀመረ፣ በሦስት ቀን አሌፖ ወደቀች። ዲሴምበር 4 በሽር የወታደሩን ደሞዝ በ50 በመቶ ጨመረ። በማግስቱ ሐማ ወደቀች።

ሙባረክ፦ በሽር ለፍርድ ይቀርባል ወይ?

መልስ፦ ሞስኮ ነው፤ ሩሲያ አሳልፋ አትሰጥም። የፈረንሳይ ዳኞች በደማስቆ ዳርቻ በጉታ በ2013 በተጣለው መርዝ ጋዝ ምክንያት በኖቬምበር 2023 የእስር ማዘዣ አውጥተውበት ነበር፤ በጁላይ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤታቸው ማዘዣው ሲወጣ በሥልጣን ላይ ስለነበረ ብሎ ሻረው። አሁን ሥልጣን ላይ ስለሌለ ግን ዳኞቹ በዚያው ወር አዲስ ማዘዣ አወጡበት። በአካል ቀርበው የተፈረደባቸው አነስ ያሉት ናቸው፦ የ251 ምርመራ ኃላፊ የነበረው አንዋር ራስላን በጃንዋሪ 2022 ጀርመን ኮብሌንዝ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።