ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቀን

ከዓለም ገና ተነስተን የጢያን ትክል ድንጋዮች፣ የአዳዲ ማርያምን ውቅር ቤተ ክርስቲያንና የመልካ ቁንጡሬን የቅድመ ታሪክ ቁፋሮ ሥፍራ ሦስቱንም በፊታችን ረቡዕ አይተን መመለስ እንችላለን ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦ ትችላላችሁ። ግን የቱን ማስቀደም እንዳለባችሁ የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን ቅዳሴው ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቅዳሴ ካለ የሚገባው ወደ ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ አዳዲ ብትደርሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደጅ መጠበቅ ሊመጣ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን አዳዲን አስቀድሙ። ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም በበዓለ ሃምሳ፣ የሚቀደሰው ጠዋት ስለሆነ ከጢያ ጀምሩ። ወር በገባ በ21 ግን ለመሳለም ካልሆነ በቀር አትሂዱ፤ ሕዝቡ ብዙ ነው።

12 ሰዓት ላይ ውጡ። በቡታጅራው አስፋልት መልካ ቁንጡሬን አልፋችሁ ወደ አዳዲ በቀኝ ትገነጠላላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥርጊያ መንገድ ዝናብ ከጣለበት አነስተኛ መኪና ያስቸግራል። ቤተ ክርስቲያኑ ከቋጥኝ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ አጠገቡ እስክትደርሱ አይታይም። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ባትሪ ያዙ። ጫማ ይወለቃልና ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ ከወለሉ ቅዝቃዜ ሌላ ቁንጫም አይጠፋም። ሴቶች ነጠላ አትርሱ።

ጢያ ከአራት ሰዓት በፊት ብትደርሱ እጅግ ጥሩ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። የጎራዴዎቹ ቅርጽ ከድንጋዩ ብዙም ከፍ አይልም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ይጠፋና ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ፎቶ ስታነሱ ብርሃኑ በጎን የሚመታውን ፊት ፈልጉ። ከድንጋዮቹ ሥር ያለው መቃብር ነው፤ ሙታኑ እንደ ፅንስ ተጣጥፈው ነው የተቀበሩት። ልጆች እንዳይንጠላጠሉባቸው አደራ።

መልካ ቁንጡሬ ለመመለሻ ይሁን፤ ሙዚየሙ ጥላ ስላለው ቀትሩ አይከብዳችሁም። በ2024 እ.ኤ.አ. ባልጪት ከተባለው ሌላ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ነው። ሙዚየሙን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ ቁፋሮው ያለበት ጎምቦሬ ድረስ ዝለቁ። እንደ ምላጭ የሚቆርጠው የባልጩት ስባሪ መሬት ላይ ቢገኝም አንስቶ መውሰድ ክልክል ነው።

ለመግቢያ ጥሬ ብር ያዙ። የመንገዱን ሁኔታ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የቡታጅራ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ሳይመሽም ዓለም ገና ግቡ።