የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለቤቴ ስዕል ለመምረጥ ባለሙያ ያስፈልገኛል?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አያት አካባቢ አዲስ አፓርታማ ገብተናል። ቤቱ ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል፤ የሳሎኑ ግድግዳ ግን ባዶውን ቀርቷል። አንዲት ጓደኛዬ “ስዕል የሚመርጥ ባለሙያ ቅጠሪ” ትለኛለች፤ ባለቤቴ ደግሞ “ለምርጫማ ገንዘብ አናወጣም” ይላል። የማናችን ሐሳብ ይሻላል? ባለሙያ ከቀጠርንስ ምን ብለን እንነጋገር?
ከአያት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አንድ ስዕል ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ሦስት አራት ግድግዳ ካለዎት፣ ወይም ቢሳሳቱ የሚቆጭዎትን ያህል ገንዘብ ከመደቡ ግን የጓደኛዎ ምክር ያዋጣል።

ብዙ ሰው ባለሙያ የሚቀጥረው “ቆንጆውን ይለይልኝ” ብሎ ነው። ቆንጆውንማ እርስዎም ይለዩታል። የሚያስቸግረው ልኩ ነው። ጋለሪ ውስጥ ስዕሉ ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሎ፣ መብራት በርቶለት ስለሚያዩት ትልቅ ይመስላል። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ያንኑ ስዕል ቤት ወስደው ከሶፋው በላይ ሲሰቅሉት ፖስታ ላይ የተለጠፈ ቴምብር ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ቤትዎ ሲገባ መጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው ሜትር ነው። ሜትር ሳያወጣ ስልኩ ላይ ስዕል ማሳየት ከጀመረ እየሸጠ እንጂ እያማከረ አይደለም።

ልኩን ራስዎም ሊሞክሩት ይችላሉ። የስዕሉ ወርድ ከሶፋው ርዝመት ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። ሶፋዎ 2.40 ሜትር ከሆነ ከ1.60 እስከ 1.80 ሜትር ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ስዕል ወይም ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ሦስት ትንንሾች ሊሞሉት ይችላሉ። ከሶፋው መደገፊያ እስከ ስዕሉ ታችኛው ጠርዝ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ሌላ ግድግዳ ላይ ሲሆን የስዕሉ መካከል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይዋል። ይህ ልክ ግን ለቆመ ሰው ዓይን የተሰላ ነው። ቡና የሚፈላበትና እንግዳ በርጩማ ላይ የሚቀመጥበት ክፍል ከሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት። እኛ አገር በጣም የተለመደው ስህተት ስዕልን ኮርኒስ ሥር መስቀል ነው። ሁለት ጋዜጣ በስዕሉ ልክ ቆርጠው በወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሦስት ቀን ይተዉት፤ ጠዋትም ማታም ይዩት።

ዋናው ጥያቄ ባለሙያውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ በሰዓት ወይም በአንድ ጉብኝት ቁርጥ ዋጋ ያስከፍላል። አንዳንዱ ከስዕሉ ዋጋ በመቶኛ ይወስዳል። “ለእርስዎ በነፃ ነው” የሚልም አለ፤ እሱ ከጋለሪው ወይም ከሰዓሊው ኮሚሽን ይቀበላል። ኮሚሽን ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ። እርስዎ ሲገዙ ብቻ የሚከፈለው ሰው “ይህ ግድግዳ ባዶውን ይሻለዋል” ለማለት ይቸገራል፤ የምክር ዋጋው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ሳያፍሩ፣ “ከሻጩ የሚያገኙት ነገር አለ?” ብለው ይጠይቁ።

ባለቤትዎንም ጓደኛዎንም የሚያስማማ መንገድ አለ። ለአንድ ጉብኝት ብቻ ይቅጠሩት። ግድግዳዎቹን ለክቶ፣ ፀሐይ የሚመታበትንና እርጥበት የሚያስገባውን ለይቶ፣ ለየትኛው ቦታ ምን ያህል ስፋት ያለው ምን ዓይነት ስዕል እንደሚስማማ በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥዎት። ግዢውን እናንተው ትጨርሳላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልን እዩ፤ ዓይን የሚለምደው በማየት ነው። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ሲያሳዩም ሂዱ። ገና ስም ካላወጣ ሰዓሊ ጥሩ ሥራ የሚገኘው እዚያ ነው።

የወደዳችሁትን ስዕል ለጥቂት ቀን ቤት ወስዳችሁ መሞከር ትችሉ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። ስትገዙ ደግሞ የሰዓሊው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የቀለሙ ዓይነትና ልኩ የተጻፈበት ፊርማ ያለው ወረቀት ከደረሰኙ ጋር ተቀበሉ።

ሲሰቀል ብሎኬቱ ክፍት ሆድ መሆኑን አትርሱ። ድሪሉ ክፍቱ ላይ ካረፈ አጭር ፊሸር የሚይዘው ስስ ግንብ ብቻ ስለሆነ ይላላል። መስታወት ያለውን ከባድ ስዕል ለክፍት ብሎኬት በተሠራ ረጅም ፊሸር፣ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ሁለት ቦታ ላይ ስቀሉት። አግሮስቶን ክፍልፋይ ላይ ከባድ ነገር ባይሰቀል ይሻላል።

ቡና የምናፈላበት ጥግ ላይ የሰቀልነው የሸራ ስዕል ቢጫ እየሆነ መጣ። በክረምት ደግሞ ሸራው ይረግባል። በእርጥብ ጨርቅ ልወልውለው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እባክዎ እንዳይነኩት። ቢጫው የዕጣንና የከሰል ጭስ የተወው ቅባትነት ያለው ጥቀርሻ ሳይሆን አይቀርም። ውሃ የዘይት ቀለም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ከሥሩ ያስነሳዋል፤ አክሪሊክ (በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም) ከሆነ ደግሞ ላዩን አለስልሶ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። በዳቦ መጥረግም የተለመደ ነው፤ ግን የሚቀረው ፍርፋሪ ነፍሳት ስለሚጠራ እሱንም ይተዉት። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ቀለሙ የሚላላጥ አለመሆኑን አይተው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ከላይ ወደ ታች በቀስታ ማውረድ ነው። ጥቀርሻውን ስዕል ለሚጠግን ባለሙያ ይተዉለት፤ ስዕሉን ግን ዛሬውኑ ከከሰሉ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁት።

የረገበውን ሸራ አሁን አይወጥሩት። በእርጥበት ወቅት የተወጠረ ሸራ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አየሩ ሲደርቅ ከልክ በላይ ይከርርና ቀለሙ ይሰነጠቃል። ዝናቡ አልፎ ግድግዳው ሲደርቅ አብዛኛው በራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ከጀርባው፣ የእንጨቱ ማዕዘኖች ላይ፣ ትንንሽ ሽብልቆች መኖራቸውን ይዩ። በሸራውና በእንጨቱ መካከል ካርቶን አስገብተው ሁሉንም በእኩል፣ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጓቸው። ከታች ሁለቱ ማዕዘኖች ጀርባ ላይ ቁራጭ ቡሽ ቢለጥፉ በግድግዳውና በሸራው መካከል አየር ይዘዋወራል።

እናታችን ለዕረፍት መጥታ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የዘይት ቀለም ስዕል ገዛች። ወደ ዋሽንግተን እንዴት ትውሰደው?
ከመገናኛ

መልስ፦ ከእንጨቱ አስፈትታችሁ ጠቅልሉት፤ ግን መጀመሪያ ስዕሉ መቼ እንዳለቀ ሰዓሊውን ጠይቁ። የዘይት ቀለም ላዩ በቀናት ወይም በሳምንታት ቢደርቅም ውስጡ ለመድረቅ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ወፍራም ቀለም የተደረበበት ትኩስ ሥራ ከሆነ ሳይጠቀለል በሣጥን ይሂድ። የደረቀው ስዕል ግን ቀለም የተቀባበት ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል። ቱቦው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ በቀለሙ ላይ የሚያርፈውም ለስላሳ ወረቀት ይሁን፤ ፕላስቲክ ይጣበቃል። ደረሰኙ ከእጅ አይጥፋ። የቆየ የቤተ ክርስቲያን ስዕል ወይም ብራና ከሆነ ግን ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ፈቃድ ውጭ ከአገር መውጣት የለበትም። ሲፈታ ደግሞ በምስማር የተያዘውን ትርፍ ጠርዝ ማንም እንዳይቆርጠው አጠገቡ ቁሙ፤ እዚያ ያለው ፍሬም ሠሪ መልሶ ለመወጠር በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መያዣ ያስፈልገዋል።