ስለ እናትሽ ክትትል

እህቴ፣ «እናቴ አዳማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስኳርና ግፊት አለባቸው፤ እኛ ልጆቻቸው ተበታትነናል። ጤና ጣቢያው ወደ ኮምፒውተር ሥራ ገባ ሲባል ሰማሁ፤ ለእሳቸው ምን ይፈይድላቸዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ አዳማ በስኳርና ግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ።

ከሁሉ በፊት የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር አጣሪ። ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የልጅ ቁጥር ነው። ልጅ ደግሞ ወይ አዲስ አበባ ነው ወይ ዱባይ። ቀጠሮ ሲያልፍ እንደውላለን፤ አይነሳም። ቢነሳም ልጁ እናቱ ዛሬ መድኃኒት ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቅም። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ታብሌት ሲዞር ያው ቁጥር አብሮ ይዞራል። በየቀኑ ብቅ የምትል ጎረቤት ካለች፣ እናትሽ ከፈቀዱ የእሷ ቁጥር ይመዝገብ። የጽሑፍ መልእክትም አትመኚ። ማንበብ የሚችሉትን እንኳ ዓይናቸው አያግዛቸውም። ደውሎ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ማናገር ይሻላል።

ደግሞ ለውጥ ሁሉ በመሣሪያ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ በመድኃኒት የቫይረስ መጠናቸው የወረደ ሰዎች መድኃኒታቸውን በ6 ወር አንዴ እንዲወስዱ ተደረገ። የተለወጠው ቀጠሮው ብቻ ነው። ሰው ከሥራው መቅረት ቀነሰለት፤ ባለሙያውም ሕመም ለጠናባቸው ጊዜ አገኘ። ግፊታቸው ለረጋ አረጋውያንም እንዲህ ቢታሰብ ደስ ይለኛል። ኢንሱሊን ግን ሌላ ነገር ነው። በአዳማ ሙቀት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት፣ የብዙ ወር ኢንሱሊን ማስቀመጥ አይሆንም።

ጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዋና ትኩረቱ ገጠር ነበር፤ እናቶችና ሕፃናት፣ ወባ፣ መጸዳጃ ቤት። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት የምትዞረው ባለሙያ የምታገኘው ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያንን ነው። ታብሌቱ የሚጠቅማት ቀጠሮ ያለፈባቸውን ሰዎች ከእኛ ክፍል ማየት ከቻለች ነው። መዝገቦቹ ካልተገናኙ ግን በር ላይ ቆማ ሁሉንም እንደ አዲስ ትጠይቃለች። እናትሽም ይሰለቻቸዋል። እኔ ባለሥልጣን ባገኝ የምለምነው መዝገቦቹ እንዲገናኙ ነው።

ክፍያም በቴሌብር ብቻ መሆን የለበትም። ስማርት ስልክ የሌላቸው ሰው ኪሳቸው ውስጥ ብር እያለ መመለሳቸው ያንገበግበኛል።

እድራቸውንም አነጋግሪ። ድንኳንና ወንበር ያለው፣ አባላቱን በስም የሚያውቅ ማኅበር በሳምንት አንድ ቀን በር ማንኳኳት አይከብደውም። ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን ራስሽ ደውለሽ ጠይቂ፤ ልጅ ሲጠይቅ ይሰማሉ።

ለመሆኑ እናትሽ ኢንሱሊን ይወጋሉ ወይስ ኪኒን ነው የሚወስዱት? ኢንሱሊን ከሆነ ፍሪጅ አላቸው? እዚሁ መልሺልኝ፣ ስለ አቀማመጡ እጽፍልሻለሁ።