በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቆየ ዘመን የፍቅርና የምስጢር ልብ ወለድ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የሚፈጸም፣ ፍቅርና ምስጢር የተዋሃዱበት ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት ስፈልግ የታሪኩ ፍሰት ይቋረጥብኛል፤ ስዘለው ደግሞ ፍንጩ ያመለጠኝ ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የልብስና የሠረገላ ዓይነት የሚገልጹ ቃላትን ያለ ስጋት ይዝለሏቸው። ኑዛዜ፣ የጋብቻ ውል፣ ደብዳቤ ወይም ቀን የተጠቀሰበትን ገጽ ግን ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ፍንጩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ከቋንቋው ይበልጥ አንባቢን የሚያደናግረው የዘመኑ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ያገቡ ሴቶችን ንብረት የሚመለከቱት የ1870 እና የ1882 ሕጎች ከመውጣታቸው በፊት፣ በእንግሊዝ አንዲት ሴት ስታገባ ገንዘቧና ተንቀሳቃሽ ንብረቷ፣ በውል ካልተጠበቀላት በቀር፣ የባሏ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ባለጸጋዋን ወጣት ለማግባት የሚቸኩል ሰው ሲመጣ ከመነሻው ይጠርጥሩት። የፍቅሩን ነገር በተመለከተ ደግሞ አጠራርን ያስተውሉ፦ በማዕረግና በቤተሰብ ስም ሲጠራሩ የቆዩ ሁለት ሰዎች በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ መጠራራት ከጀመሩ፣ ደራሲው በግልጽ ሳይናገር ብዙ ነግሮናል። መዝገበ ቃላቱን ምዕራፉ ሲያልቅ፣ ደጋግመው ላጋጠሙዎት ቃላት ብቻ ይክፈቱት።